ዲፕ ፍሪዘር ስትገዙ ከሊትሩ በፊት ሰዓቱን ጠይቁ

ዲፕ ፍሪዘር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቃል። መጀመሪያ «ስንት ሊትር ነው?» ይላል። ቀጥሎ «ስንት ብር ነው?»። ሻጩ ለሁለቱም መልስ አያጣም። «መብራት ሲጠፋ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። መብራት እንዳሻው በሚሄድበትና በሚመጣበት አገር ከሁሉም መቅደም ያለበት ይኼ ጥያቄ ነው ባይ ነኝ። መብራት እስካለ ድረስ ሁሉም ፍሪዘር ያቀዘቅዛል። ርካሹም፣ ውዱም፣ ስሙን ሰምተን የማናውቀውም። ልዩነታቸው የሚወጣው መብራት ሲሄድ ነው።

መልሱ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። አብሮት በሚመጣው ማንዋል ላይ በሰዓት የተቀመጠ ቁጥር ፈልጉ። ፍሪዘሩ ሙሉ እያለ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ፣ ውስጡ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ተነስቶ ከዜሮ በታች 9 እስኪደርስ የሚፈጅበት ጊዜ ማለት ነው። 12 ሰዓት አካባቢ የሚሉ አሉ። ከ40 ሰዓት በላይ የሚሉም አሉ። ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው፣ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም «200 ሊትር» ተብለው፣ አንዱ ሌላውን በእጥፍ ሊበልጠው ይችላል። ከውጭ ስታዩት አታውቁትም።

ማንዋሉ ከሌለ ወይም ቁጥሩ ካልተጻፈ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ክዳኑን ክፈቱና የአፉን ጠርዝ ለኩ። ከውጨኛው ቆርቆሮ እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ያለው ውፍረት ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? እዚያ ውስጥ ያለው ፎም ነው፤ የፍሪዘሩ ጋቢ ማለት ነው። 4 ሴንቲ ሜትር ሳስቷል። 7 ወይም ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። የክዳኑንም ውፍረት እንዲሁ ለኩ፤ ግድግዳውን አወፍሮ ክዳኑን የሚያሳሳ ፋብሪካ አለ። እዚህ ላይ ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር አለ። የሁለት ፍሪዘሮች የውጭ ቁመትና ስፋት እኩል ሆኖ የአንዱ ሊትር ከበለጠ፣ ትርፉ ቦታ ከሰማይ አልወረደም። ከግድግዳው ላይ ተቆርጦ ነው የተገኘው። «ይኼኛው በዚሁ መጠን 30 ሊትር ይበልጣል» ሲሏችሁ ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም።

ወደ ላይ የሚከፈተው ፍሪዘር ከቋሚው የሚመረጠውም ቅዝቃዜውን ይዞ ስለሚቆይ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ወደ ታች ይወርዳል። የቋሚውን በር ስትከፍቱ ቅዝቃዜው እግራችሁ ላይ ይፈስሳል። የዚህን ክዳን ስታነሱ ግን አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ጉዳት የለውም አልልም። ታች የገባ ዕቃ ይረሳል፣ ለማውጣትም ወገብ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ የሚጠቀሙበት እናታችሁ ከሆኑ ሱቅ ይዛችኋቸው ሂዱ። ጎንበስ ብለው የወለሉን ጥግ በእጃቸው ይንኩት። ካልደረሱበት ጠለቅ ያለው ፍሪዘር ለእሳቸው አይሆንም፤ ሰፋ ብሎ ዝቅ ያለ ፈልጉ።

በመስታወት የሚንሸራተት ክዳን ያለውን ለቤት አትግዙ። እሱ ለሱቅ የተሠራ ነው፤ አይስክሬምና ዶሮ ለማሳየት። መስታወት ሙቀት ያስገባል። እቤት ማንም አያይላችሁም።

አሁን ወደ ሊትሩ እንምጣ። ብዙ ሰው ያለልክ ትልቅ ይገዛል። ተቆራርጦ በላስቲክ የታሰረ ሥጋ በግምት በ1 ሊትር ግማሽ ኪሎ ይገባል ብላችሁ ያዙ። 100 ሊትር ማለት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ነው። ከአንድ መካከለኛ በግ 10፣ 12 ኪሎ ሥጋ ቢገኝ ነው። የቅርጫ መደባችሁ 20 ኪሎ ቢሆን፣ በላዩ አንድ በግ፣ ጥቂት ዶሮ፣ ቅቤና የተሠራ ቁሌት ቢጨመር እንኳ 150 ሊትር አይሞላም። ስለዚህ አምስት ስድስት ሰው ላለበት ቤት ከ100 እስከ 200 ሊትር በቂ ነው። 300 እና 400 ሊትር ምግብ ለሚሸጥ፣ ለድግስ ቤት፣ ወይም ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «እስኪ እናንተ ጋ ይቀመጥልኝ» ለሚለው ሰው ነው። ይህን የመጨረሻውን ዓይነት ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። እንዲያውም ትልቅ ፍሪዘር የገዛ ሰው በሳምንቱ እሱን ይሆናል።

ትልቁ የሚጎዳው ዋጋው ስለሚበዛ ብቻ አይደለም። ባዶው ቦታ ነው ችግሩ። ፍሪዘር ውስጥ ቅዝቃዜውን ይዞ የሚቆየው አየሩ ሳይሆን የቀዘቀዘው ዕቃ ነው። ክዳኑ ካልተከፈተ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር 48 ሰዓት ገደማ ሲቆይ ግማሹ ባዶ የሆነው 24 ገደማ ይቆያል የሚባለው ለዚህ ነው። ይህ ደህና ግድግዳ ላለው ነው፤ የሳሳው ከዚህ ቀድሞ ይሸነፋል። ታዲያ መፍትሔው ቀላል ነው። ባዶ ሃይላንድ ሰብስቡ። ውኃ ሙሉበትና ባዶው ቦታ ላይ ደርድሩት። እስከ አፉ ግን አትሙሉት፤ ውኃ ሲረጋ አንድ አሥረኛ ያህል ያብጣል፣ ጠርሙሱን ይሰነጥቀዋል። ባለ 2 ሊትር አምስት ሃይላንድ 10 ኪሎ በረዶ ነው። 10 ኪሎ በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ የሚውጠው ሙቀት ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ) ይጠጋል። ጥሩ ግድግዳ ባለው 200 ሊትር ፍሪዘር ውስጥ በአንድ ቀን ሾልኮ ከሚገባው ሙቀት ጋር የሚቀራረብ ነው። በነፃ የተገኘ ባትሪ በሉት።

መብራት ሲጠፋ ክዳኑን አትንኩ። «ቀለጠ ወይስ አልቀለጠም?» ብሎ በየሰዓቱ የሚከፍት ሰው አለ፤ የሚያቀልጠው እሱ ነው። ይልቅ አንድ ሲኒ ውኃ አርግታችሁ ከላዩ አንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡና ከዕቃው በላይ አኑሩት። ክፍለ ሀገር ደርሳችሁ ስትመለሱ ሳንቲሙ ከበረዶው ላይ ካለ ሰላም ነው። መሃል ላይ ሰምጦ ከረጋ በከፊል ቀልጦ ነበር። ሳንቲሙ ሲኒው ሥር ከደረሰ እናንተ በሌላችሁበት ሁሉም ቀልጦ፣ መብራት ሲመጣ እንደገና ረግቷል። እንዲህ የሆነ ሥጋ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ድንጋይ ሆኗልና። ግን ስንት ሰዓት ሞቆ እንደቆየ አይታወቅም። እኔ አልበላውም። በሌላ በኩል፣ መብራት መጥቶ ስትከፍቱ ሥጋው ውስጥ አሁንም የበረዶ ቅንጣት ካለ መልሶ ማርጋት ይቻላል። ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አይጎዳም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚረሳው የማርጋት አቅም ነው። የረጋን ነገር ማቆየትና ትኩስን ነገር ማርጋት ሁለት ሥራ ነው። ፍሪዘሩ ላይ የኮከብ ምልክት አለ። ሦስት ኮከብ ያለው የረጋውን ያቆያል። አራት ኮከብ ያለው፣ ማለትም አንድ ትልቅና ሦስት ትናንሽ፣ ያልረጋውን ያረጋል። አራት ኮከብ ይሁን። አጠገቡ ደግሞ በ24 ሰዓት ስንት ኪሎ እንደሚያረጋ ይጻፋል። ለቤት በሚሆኑት ላይ ብዙ ጊዜ 10 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከዚያ የሚያንስም የሚበልጥም አለ።

አሁን የቅርጫን ቀን አስቡ። በሬው ጠዋት ታረደ፣ እኩለ ቀን ላይ መደቡ ተከፈለ፣ 20 ኪሎ ሥጋ በፌስታል ታስሮ እንደሞቀ ገባ። ሞተሩ ሳያርፍ ያድራል። ከሥሩ ረግቶ የነበረው ዶሮ ይላላል። መሃል ላይ ያለው ፌስታል በማግስቱም ለብ እንዳለ ነው። ፍሪዘሩ አልተበላሸም፤ ከአቅሙ በላይ ነው የጫናችሁበት።

ሌላም አለ። እንደታረደ የረጋ ሥጋ ይጠነክራል። ከብት ከታረደ በኋላ ጡንቻው ይገታል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ ነው የሚላላው። ይህ ሳያልቅ ከረጋ፣ ሲቀልጥ ይኮማተራል፣ ውኃውን ይለቃል። «የቅርጫው ሥጋ ምን ሆኖ ነው እንደ ጎማ የሆነው?» የሚባለው አንዳንዴ የበሬው እርጅና አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ለጥቂት ሰዓት ጥላና ነፋሻ ቦታ ይንጠልጠል። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በማግስቱ ተከፋፍሎ ይግባ። ቆላ ከሆናችሁ መንጠልጠሉን አሳጥሩት። ለአንድ ወጥ በሚበቃ መጠን፣ አየሩን አስወጥታችሁ፣ እንደ መጽሐፍ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ሁለት ሦስት ጣት የሚወፍር ከሆነ ቶሎ ይረጋል፣ ቶሎም ይቀልጣል። መጀመሪያ ከግድግዳው ጋር አስጠግታችሁ ደርድሩት፤ የሚያቀዘቅዘው ቱቦ ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። ፌስታሉ ላይ ቀኑን በእስክሪፕቶ ጻፉ። የበሬ ሥጋ ብዙ ወራት ይቆያል። የተፈጨ ሥጋና ሆድ ዕቃ ግን ከሦስት አራት ወር በኋላ ጣዕሙን ያጣል። ደግሞም ማርጋት ጀርምን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። ሲቀልጥ ይነቃል።

ስለ መብራት ሒሳብ ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። ፍሪዘሩ ላይ 100 ዋት ተጽፎ ያየ ሰው በ24 ያባዛና በቀን 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ብሎ ይደነግጣል። ሞተሩ ግን ቀኑን ሙሉ አይሠራም። ይነሳል፣ ያርፋል። ደህና ግድግዳ ያለው 200 ሊትር ፍሪዘር በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ወይም ከዚያ በታች ይበቃዋል። በወር ሲታሰብ እስከ 30 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ያ ቀላል ቁጥር ቢመስልም የኛ ታሪፍ በእርከን መሆኑን አትርሱ። ፍጆታችሁ እየጨመረ ሲሄድ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለበት ቤት ቀድሞውኑ ከፍ ያለው እርከን ላይ ነው። ታሪፉም ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በየጊዜው እያደገ ነው።

ሞተሩን የሚገድለው ግን ሥራ ሳይሆን የመብራቱ ጠባይ ነው። ሞተሩ ሲነሳ በመደበኛው ጊዜ ከሚስበው ኃይል ብዙ እጥፍ ይስባል። መብራት ብልጭ ብሎ ሲጠፋና ወዲያው ሲመጣ ቱቦው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ገና አልረገበም። ሞተሩ ያንን ግፊት ገፍቶ መነሳት አለበት። ጆሯችሁን ብታስጠጉ ትሰሙታላችሁ። ለጥቂት ሰከንድ «እምምም» ይላል፣ ከዚያ «ጠቅ» ብሎ ዝም። ጥቂት ቆይቶ እንደገና። ያ ጠቅታ ሞተሩን ከመቃጠል የሚያድነው መቁረጫ ነው፤ ግን እሱም ዕድሜ አለው። ቮልቴጅ ሲወርድም ድምፁ ይኸው ነው። ብዙዎቹ ሞተሮች ከ187 እስከ 242 ቮልት ባለው መካከል እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው። ማታ ማታ አምፖሉ የሚደበዝዝበት ሰፈር ከ187 በታች መውረድ ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ ስታቢላይዘር፣ ማለትም ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ዕቃ፣ ከፍሪዘሩ ጋር አብሮ የሚታሰብ ወጪ ነው። ሁለት ነገር እዩበት። አንደኛ፣ አቅሙ ቢያንስ 1000 ቪኤ (ቮልት አምፔር) ይሁን፤ «ፍሪዘሩ 100 ዋት ስለሆነ 500 ይበቃዋል» የሚለው የመነሻውን ጉልበት የረሳ ሒሳብ ነው። ሁለተኛ፣ መብራት ከመጣ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ይሁን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል። ስታቢላይዘር ለመግዛት አቅም ከሌለ፣ መብራት ሲጠፋ ነቅላችሁ ከመጣ ከ5 ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ ሰኩት። ዲቫይደር ላይ ከምጣድና ከካውያ ጋር አትደርቡት። የራሱ ሶኬት ይኑረው፣ የመሬት ሽቦ ያለው።

የምትኖሩበት አየርም ይቆጠራል። የስም ሰሌዳው ላይ የአየር ንብረት ምድብ በፊደል ይጻፋል። «ኤን» የሚለው ክፍሉ ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ሲሆን ነው። «ኤስ ቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ይችላል። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ጎንደር ላለ ሰው ይኼ ብዙም አያስጨንቅም። ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም ጋምቤላ ከሆናችሁ ግን «ቲ» ካልሆነ አትግዙ። ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ ሞተሩ ያለዕረፍት ይሠራል፣ ሆኖም ከዜሮ በታች 18 ላይ አይደርስም።

ከውጭ የሚመጣውን ደግሞ እዩ። ዘመድ ኮንቴይነር ሲያስጭን «ፍሪዘርም ልጨምርላችሁ?» ይላል። አሜሪካ ያለው ፍሪዘር 120 ቮልትና 60 ሄርትዝ ነው፤ ሄርትዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት ነው። የኛ 220 ቮልትና 50 ሄርትዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ሄርትዙን ግን አይነካውም። ለ60 የተሠራ ሞተር በ50 ሲሠራ ቀስ ይላል፣ ይሞቃል፣ ዕድሜው ያጥራል። የሳውዲውም 60 ሄርትዝ ነው። የዱባዩ ግን 50 ስለሆነ ከሶኬቱ ቅርጽ በቀር ችግር የለውም። የአሜሪካ ዘመዶቻችሁ ፍሪዘሩን እዚያው ጋራዣቸው ውስጥ ለእንጀራቸውና ከገበሬ ለሚገዙት በግ ቢያቆዩት ይሻላል።

ያገለገለ ስትገዙ መጀመሪያ ሰሌዳውን አንብቡ። ቮልት፣ ሄርትዝ፣ የጋዙ ዓይነት። ጋዙ «አር 600 ኤ» ከሆነ በሌላ መተካት የለበትም። «ሌላ ጋዝ ሞልተንለታል፣ ይሠራል» ከተባላችሁ ተሰናበቱ። ቀጥሎ የክዳኑን ላስቲክ ፈትሹ። ወረቀት አስገብታችሁ ክዳኑን ዝጉና ሳቡት። ያለምንም ትግል ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ አየር ያስገባል። በአራቱም ጎን ሞክሩ። ውስጠኛውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱት፤ የቢላዋ ጭረት ካለ በረዶ በጩቤ ሲፈነቀልበት የኖረ ነው። ቱቦው ከዚያ ስስ ቆርቆሮ ሥር ነው። አንድ ቀዳዳ ማለት የፍሪዘሩ ዕድሜ አለቀ ማለት ነው። ሻጩ ቀድሞ አብርቶ ከጠበቃችሁ አጥፉትና ሌላ ቀን ተመልሳችሁ ከሙቀቱ ጀምሮ ሲነሳ ስሙት።

ቤት ስታስገቡት በሩንና ደረጃውን ቀድማችሁ ለኩ፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ መዞሪያው ጋ ተቀርቅሮ የቀረ ፍሪዘር አሳዛኝ ነው። ክዳኑ ወደ ላይ ስለሚከፈት ከላዩ ቁም ሳጥን አይኑር። ከግድግዳ በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር አርቁት። የብዙዎቹ ፍሪዘሮች ጎን ይሞቃል፤ ከውስጥ የወጣው ሙቀት የሚለቀቀው በዚያ ነው። «ጎኑ ጋለ» ብላችሁ አትደንግጡ። ዳንቴል ማልበስ ለምትወዱም፣ ከላይ ብቻ ይሁን፣ ጎኑን አታልብሱት።

ግድግዳው ላይ የሚጋገረው በረዶ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ካለፈ ማቅለጥ ያስፈልጋል። ለዚህ ከሁዳዴ የተሻለ ጊዜ የለም። 55 ቀን ሥጋ አይነካም፣ ፍሪዘሩም ባዶ ነው። ነቅላችሁ፣ ታች ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ፣ በራሱ ይቅለጥ። በለብታ ውኃና ቤኪንግ ሶዳ ጥረጉት። ለጊዜው የማትጠቀሙበት ከሆነ ክዳኑን በእንጨት ደግፋችሁ ክፍት ተዉት፤ ተዘግቶ የቆየ ይሻግታል፣ ሽታው አይለቅም።

አዲሱ ፍሪዘር በመኪና ሲመጣ ቆሞ ይጫን። ተኝቶ ከመጣ የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይፈስሳልና ቢያንስ ለጥቂት ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሌሊት ቆሞ ይደር። ከዚያ ሰክታችሁ ባዶውን 24 ሰዓት አሠሩት። ርካሽ ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀምጡ። ከዜሮ በታች 18 ካልደረሰ ሥጋ ከመግባቱ በፊት ለሻጩ ይነገረዋል። ደረሰኙንና የዋስትና ወረቀቱን በዚያው ቀን ፎቶ አንሱ። በሙቀት የሚታተም ደረሰኝ ዋስትናው ሳያልቅ ነጭ ወረቀት ይሆናል።